ወርቁና ውኃው፦ የሃሮልድ ላሴተር ሕይወትና የ1930ው የማዕከላዊ አውስትራሊያ ጉዞ

በአውስትራሊያ የማዕድን ፍለጋ ታሪክ ስሙ በሰፊው የሚነሣ፣ ነገር ግን አንዲት ቅንጣት ወርቅ እንኳ ለማሳየት ያልቻለ ሰው ቢኖር ሃሮልድ ቤል ላሴተር ነው። ላሴተር በ1931 መጀመሪያ በፒተርማን ተራሮች አካባቢ በረኃብና በድካም ሲሞት 50 ዓመቱ ነበር። አገኘሁት ያለው ወርቅ ያዘለ ዐለት ከዚያ በኋላ ብዙ ቡድኖች ፈልገውታል፤ ያገኘው ግን የለም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ላሴተር የተጻፈው አብዛኛው ነገር በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ይኸውም ሰውዬው ውሸታም ነበር ወይስ በራሱ ሕልም የተታለለ የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ አጓጊ ቢሆንም የጉዞውን ውድቀት አያስረዳም። የሕይወት ታሪኩ ከጉዞው አደረጃጀት ጋር ተያይዞ ሲታይ ሌላ ጉዳይ ጎልቶ ይወጣል። በ1930 ከአሊስ ስፕሪንግስ የተነሣው ቡድን ገንዘብ፣ መኪናና አውሮፕላን ነበረው፤ የተመሠረተው ግን ባልተመረመረ የአንድ ሰው ቃል ላይ ነበር። በዚያው በረሃ ውስጥ በትውልዶች ኑሮ የተፈተነና ሰውን በሕይወት የሚያቆይ ዕውቀት ነበር። ይህን ዕውቀት ላሴተር ያገኘው ዕቅዱ ሁሉ ከፈረሰ በኋላ ነው።

ከወርቁ በፊት የነበረው ሕይወት

ላሴተር ሴፕቴምበር 27 ቀን 1880 በቪክቶሪያ ግዛት ባምጋኒ በተባለች ስፍራ ተወለደ። የልደት ስሙ ሉዊስ ሁበርት ነበር፤ ሃሮልድ ቤል የሚለውን መጠሪያ የወሰደው ካደገ በኋላ ነው። ወላጆቹ እንግሊዛውያን ሲሆኑ አባቱ የቀን ሠራተኛ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1903 በኒው ዮርክ ግዛት ትዳር መሠረተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አውስትራሊያ ተመልሶ በኒው ሳውዝ ዌልስ ታቡላም በተባለ አካባቢ በአነስተኛ እርሻ ላይ ተቀመጠ።

የዚህ ዘመን መዛግብት ላሴተርን ቋሚ ሙያ ሳይኖረው ብዙ ነገር የሚሞክር፣ ራሱን በራሱ ያስተማረና ሐሳቡን ለባለሥልጣናት በጽሑፍ ማቅረብ የሚወድ ሰው አድርገው ያሳያሉ። በ1913 በሲድኒ ወደብ ላይ ሊሠራ ለሚችል ድልድይ ንድፍ አቅርቧል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ሁለት ጊዜ በሠራዊቱ ውስጥ ተመዝግቦ ሁለቱንም ጊዜ በጤና ምክንያት ተሰናብቷል። በ1924 የመጀመሪያው ጋብቻው ሳይፈርስ በሜልበርን ሁለተኛ ጋብቻ ፈጸመ። በኋላም በካንቤራና በሲድኒ በአናጢነት ሲሠራ ኖረ።

እነዚህ ዝርዝሮች ለፍርድ ሳይሆን ለማመዛዘን ይጠቅማሉ። ላሴተር የሕይወት ታሪኩን እንደ አስፈላጊነቱ የሚያስተካክል ሰው እንደነበረ ያመለክታሉ። ይህን ለማወቅ የተለየ ምርመራ አያስፈልግም ነበር፤ በሚቀጥለው ክፍል እንደሚታየው፣ እርሱ ራሱ ያቀረባቸውን ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ ይበቃ ነበር።

አንድ ዐለት፣ ሁለት ታሪኮች

ኦክቶበር 14 ቀን 1929 ላሴተር የካልጎርሊ ተመራጭ ለነበረው የፓርላማ አባል ለአልበርት ግሪን ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤው ከ18 ዓመታት በፊት በማክዶኔል ተራሮች ምዕራባዊ ጫፍ ወርቅ ያዘለ ሰፊ ዐለት ማግኘቱን ገለጸ። ይህ ስሌት ግኝቱን 1911 ላይ ያደርሰዋል፤ ላሴተር በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ በታቡላም ይኖር ከነበረበት ዘመን ጋር ማለት ነው። መንግሥት በደብዳቤው መነሻነት እርምጃ አልወሰደም።

በ1930 ላሴተር ጉዳዩን ይዞ በሲድኒ ወደ አውስትራሊያ ሠራተኞች ማኅበር መሪ ወደ ጆን ቤይሊ ሄደ። በዚህ ጊዜ የተናገረው ታሪክ የተለየ ነበር። ዐለቱን ያገኘው በ1897 ገና የ17 ዓመት ወጣት ሳለ በፈረስ ብቻውን በረሃውን ሲያቋርጥ እንደሆነ፣ ፈረሶቹ ሞተውበት በጥማት ሊያልቅ ሲል አንድ አፍጋናዊ የግመል ነጂ ደርሶ እንዳዳነው፣ ሃርዲንግ ከተባለ ቀያሽ ጋርም ከዓመታት በኋላ ተመልሶ የስፍራውን አቀማመጥ እንደለካ ተረከ። ልኬቱ ግን ዋጋ አጣ፤ ምክንያቱም ሁለቱ ሰዎች የያዟቸው ሰዓቶች ከ1 ሰዓት በላይ ወደኋላ ቀርተው ነበር ተባለ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነው። በዚያ ዘመን ተጓዥ ያለበትን ኬንትሮስ የሚያውቀው የፀሐይን ወይም የከዋክብትን ከፍታ ለክቶ በእጁ ካለው ሰዓት ጋር በማነጻጸር ነበር። ምድር በ1 ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። ስለዚህ የ1 ሰዓት መዛባት በማዕከላዊ አውስትራሊያ ኬክሮስ ላይ ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስሕተት ያስከትላል፤ የ1 ደቂቃ መዛባት እንኳ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ያሳስታል። ስሕተቱ ከመነሻው የነበረ ከሆነ መጠኑ ስለታወቀ በቀላሉ ይታረም ነበር። በመንገድ ላይ የተጠራቀመ ከሆነ ደግሞ ልኬቱ የትኛውንም ስፍራ አያመለክትም፤ ፈላጊው የሚተማመነው በ30 ዓመት ትዝታ ብቻ ይሆናል። ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን ታሪኩ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት መጠየቅ የነበረበትን ጥያቄ በራሱ ውስጥ ይዞ ነበር። ቃሉን የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ምስክርም አልቀረበም።

ለምን ታመነ?

ታሪኩ የታመነው አድማጮቹ ሞኞች ስለነበሩ አይደለም። ሁለት ነገሮች አሳማኝ አድርገውታል።

የመጀመሪያው የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ደረቅ ምድር በ1892 በኩልጋርዲ፣ በ1893 ደግሞ በካልጎርሊ ከፍተኛ የወርቅ ክምችት ተገኝቷል። ሁለቱም ስፍራዎች ቀደም ሲል ለምንም የማይጠቅሙ ተደርገው የሚታዩ ነበሩ። በ1903 ከፐርዝ አቅራቢያ ውኃ የሚያደርስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የቧንቧ መስመር ተጠናቆ የማዕድን ከተሞቹን ከጥማት ታድጓል። በዚህ ትውስታ ውስጥ ለሚኖር ትውልድ በበረሃ መካከል ወርቅ አለ የሚለው ቃል ተረት አልነበረም። ውኃም ቢሆን ገንዘብና ምሕንድስና የሚፈቱት ችግር ሆኖ ይታይ ነበር።

ሁለተኛው የጊዜው ጭንቀት ነው። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት አውስትራሊያን ክፉኛ መታት፤ የሱፍና የስንዴ ዋጋ ወደቀ፤ በከተሞች ሥራ አጥነት በየወሩ አሻቀበ። የሠራተኞች ማኅበር መሪ ለአባላቱ ሥራ የሚፈጥር ግኝት ሲቀርብለት ጆሮውን መንፈጉ አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህም የማዕከላዊ አውስትራሊያ ወርቅ ፍለጋ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ከባለ አክሲዮኖችም 5,000 ፓውንድ ያህል ተሰበሰበ። ላሴተር መንገድ መሪ ሆኖ ተቀጠረ። ምስክሩም፣ ማስረጃውም፣ ካርታውም እርሱ ብቻ ነበር።

ከአሊስ ስፕሪንግስ ወደ ምዕራብ

ቡድኑ ከአሊስ ስፕሪንግስ የተነሣው ጁላይ 21 ቀን 1930 ነው። መሪው በበረሃ ጉዞ ልምድ የነበረው ፍሬድ ብሌክሊ ሲሆን አብራሪው ኤሮል ኩት ነበር፤ ከእነርሱ ጋር መሐንዲስ፣ ማዕድን ፈላጊና ሾፌር ነበሩ። በጊዜው መለኪያ ይህን ያህል የተሟላ መሣሪያ ይዞ ወደ አገሪቱ መካከለኛ ክፍል የገባ የወርቅ ፍለጋ ቡድን አልነበረም ማለት ይቻላል። ባለ ስድስት ጎማ ቶርኒክሮፍት የጭነት መኪናና ጎልደን ክዌስት የተባለች አነስተኛ አውሮፕላን ነበሩት።

ምድሩ ግን ለመኪና የተሠራ አልነበረም። ከማክዶኔል ተራሮች በስተምዕራብ ተከታታይ የአሸዋ ክምሮች፣ ሙልጋ የተባለው ጠንካራ ቁጥቋጦና ሾህ የሆነ ሣር ይዘረጋሉ። የሙልጋ ጉቶ ጎማ ይበሳል፤ ልቅ አሸዋ ነዳጅና የራዲያተር ውኃ ይጨርሳል። ዓመታዊው ዝናብ በአማካይ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን እርሱም በሰዓቱ የሚመጣ አይደለም። መኪናው መንገድ እየተጠረገለት በቀን ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የተጓዘባቸው ቀናት ነበሩ። አውሮፕላኗ ደግሞ በጉዞው መጀመሪያ ላይ ተከስክሳ አብራሪው ቆሰለ፤ ኩባንያው ሌላ ለመተካት ተገደደ።

ቡድኑ ኢልቢላ ወደተባለው የውኃ ስፍራ ደርሶ የአውሮፕላን ማረፊያ ካዘጋጀ በኋላ ይበልጥ ወደ ምዕራብ ገፋ። ዛሬ ማውንት ላይዝለር ከሚባለው ተራራ ላይ ሆኖ ላሴተር አካባቢውን ከተመለከተ በኋላ ቡድኑ 150 ማይል፣ ማለትም 240 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚፈለገው ስፍራ በስተሰሜን እንደሚገኝ ተናገረ። ብሌክሊ ለሳምንታት ሲጠራጠር ቆይቶ ነበር፤ ከዚህ በኋላ መንገድ መሪው አገሩን ፈጽሞ እንደማያውቀው ደመደመ። ጉዞው እንዲቆም ወስኖ ወደ አሊስ ስፕሪንግስ ተመለሰ።

የብሌክሊ ውሳኔ በባለ አክሲዮኖቹ ዘንድ ቢነቀፍም፣ ሲመረመር ግን በጉዞው ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የላሴተር ቃል ከምድሩ ጋር የተነጻጸረበት ቅጽበት ነበር። ይህ ማነጻጸር በሲድኒ በወረቀት ላይ ሊደረግ ይችል ነበር። በበረሃ ሲደረግ ግን ዋጋው የተሰበረ አውሮፕላን፣ የባከነ ገንዘብና የተበተነ ቡድን ሆነ።

ብቻውን

ላሴተር አልተመለሰም። ፖል ጆንስ የተባለ ጀርመን ተወላጅ ወጣት ግመሎቹን ይዞ ከቡድኑ ጋር ተገናኝቶ ነበር፤ ሥራው ዲንጎ የሚባለውን የዱር ውሻ ማደን ነበር። ሁለቱ ወደ ደቡብ አቅጣጫ አብረው ሄዱ። አንድ ቀን ላሴተር ለብቻው ወጥቶ ሲመለስ ዐለቱን ዳግመኛ እንዳገኘው ለጆንስ ነገረው፤ የያዘውን የድንጋይ ናሙናም ሆነ የስፍራውን አቅጣጫ ለማሳየት ግን እምቢ አለ። ጆንስ ውሸታም አለው፤ ነገሩ ወደ ድብድብ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ጆንስ የላሴተርን ደብዳቤዎች ይዞ ወደ አሊስ ስፕሪንግስ ሲመለስ ላሴተር በሁለት ግመሎች ጉዞውን ቀጠለ።

በምዕራብ አውስትራሊያ ድንበር አቅራቢያ በፒተርማን ተራሮች መካከል ግመሎቹ ደንብረው ጠፉ። በዚያ አገር ግመል ማለት ውኃ፣ ስንቅና የመመለሻ መንገድ ማለት ነው። ላሴተር ሐል ክሪክ በተባለው ደረቅ ወንዝ ዳር በሚገኝ ዋሻ ተጠለለ፤ ስፍራው በአገሬው ሰዎች ዘንድ ጁንቲ ይባላል። በዋሻው 25 ቀናት ያህል እንደቆየ ይገመታል። ወሩ ጃንዋሪ፣ ማለትም የደቡቡ ንፍቀ ክበብ በጋ ሲሆን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ የተለመደ ነው። የዕለት ማስታወሻው ረኃቡንና ዐይኑን የጋረደውን ሕመም ይመዘግባል።

በእነዚህ ሳምንታት ላሴተርን በሕይወት ያቆዩት የምድሩ ባለቤቶች ናቸው። በፒተርማን ተራሮች የሚኖሩት የፒትጃንትጃትጃራ ተናጋሪዎችና ጎረቤቶቻቸው ስለ ውኃ ያላቸው ዕውቀት በዝርዝር የተደራጀ ነው። ከዝናብ በኋላ ለቀናት ብቻ ውኃ የሚይዘውን የዐለት ጉድጓድ፣ በደረቅ ወንዝ አሸዋ ሥር የሚቆፈረውን ውኃ፣ በክፉ ዓመት የማይደርቀውን የመጨረሻ ምንጭ ለይተው ያውቃሉ። ዝናብ ሲዘንብ ይበተናሉ፤ ሲደርቅ ወደ ቋሚ ውኃዎች ይሰበሰባሉ። ሰፊ የአደን መሬት የሚጠቀሙትም በዚህ ሥርዓት ነው። ይህን ዕውቀት ከኩባንያው ባለ አክሲዮኖች መካከል የፈለገው አልነበረም፤ ለቡድኑ የበረሃው ነዋሪዎች ቢበዛ አደጋ፣ ቢያንስ ትዕይንት ነበሩ።

የላሴተር ማስታወሻ ከእነርሱ ጋር የነበረው ግንኙነት የሚለዋወጥ እንደነበረ ያሳያል፤ በአንዱ ቀን ሊገድሉኝ ነው የሚል ፍርሃት፣ በሌላው ቀን ምግብ ላካፈለው ሰው የሚሰማው ምስጋና ይታያል። እነርሱም በበኩላቸው ነጭ እንግዳን የሚፈሩበት በቂ ምክንያት ነበራቸው። ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ፣ በ1928፣ ከአሊስ ስፕሪንግስ ሰሜን ምዕራብ በሚገኘው የኮኒስተን አካባቢ አንድ ዲንጎ አዳኝ መገደሉን ተከትሎ በፖሊስ የተመራ ቡድን ብዙ ነባር ነዋሪዎችን ፈጅቷል። መንግሥት ያመነው ቁጥር 31 ሲሆን የሟቾቹ ወገኖች ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ ይናገራሉ። የተገደሉት ከፒተርማን ሰዎች የተለዩ ሕዝቦች ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ከነጮች ጋር መገናኘት ምን ሊያስከትል እንደሚችል በዚያ ዘመን በበረሃው ያልሰማ ማኅበረሰብ ነበረ ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ለላሴተር የተሰጠው ምግብ በዚህ ሚዛን መታየት ይኖርበታል።

በጃንዋሪ መጨረሻ ላሴተር ከዋሻው ተነሥቶ 140 ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ካታ ጁታ ለመሄድ ሞከረ፤ በዚያ ፈላጊዎች እንደሚያገኙት ተስፋ አድርጎ ነበር። የያዘው ውኃ 1.7 ሊትር ያህል ነበር፤ በዚያ ሙቀት ለሚራመድ ሰው ለአንድ ቀን እንኳ የማይበቃ ነው። አንድ የአገሬው ቤተሰብ እየረዳው 55 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ይታመናል። ጃንዋሪ 28 ቀን 1931 አካባቢ ሞተ።

ከሞቱ በኋላ

እርሱን ለመፈለግ በዲሴምበር 1930 የተነሣችው የኩባንያው ሁለተኛ አውሮፕላን በበረሃ ለማረፍ ተገድዳ ጠፋች፤ ሁለቱን ሰዎች የአየር ኃይል ፈላጊዎች በሕይወት ያገኟቸው ከሦስት ሳምንታት ገደማ በኋላ ነው። የላሴተርን አስከሬን ያገኘው በግመል የሄደው ቦብ በክ ነው። በክ የአካባቢው ነዋሪ ሲሆን ከአገሬው ሰዎች ጋር ሆኖ ዱካውን ተከትሎ በማርች 1931 ሬሳውን ቀበረ። አውሮፕላኑና መኪናው ያልቻሉትን የሠራው ውኃውን የሚያውቅ ሰውና የሚራመድ እንስሳ ነበር።

በዚያው ዓመት ደራሲው አዮን አይድሬስ የላሴተርን ታሪክ በሰፊው የተነበበ መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። መጽሐፉ ላሴተርን ያልታደለ ጀግና፣ ዐለቱንም የሚጠብቅ ሀብት አድርጎ በሕዝብ አእምሮ ውስጥ ተከለ። በማስታወሻው ውስጥ ዐለቱን አግኝቼ ምልክት ተክዬበታለሁ የሚለው ቃልም እንደ ኑዛዜ ተነበበ። ከዚህ ተነሥተው አዳዲስ ቡድኖች ወደ ፒተርማን ገቡ፤ ሁሉም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አልሞተም፣ በስውር ከአገር ወጥቷል የሚል ወሬም ለረጅም ጊዜ ተናፈሰ። በ1958 ዐፅሙ ወደ አሊስ ስፕሪንግስ መቃብር ተዛውሯል።

ማጠቃለያ

የላሴተር ሕይወት የሚያስተምረው ስለ ስግብግብነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ምርምር ባላስፈለገው ነበር። ጉዳዩ ዕውቀት እንዴት እንደሚመዘን የሚመለከት ነው። በሲድኒ የተቀመጡት ሰዎች የአንድን ሰው ቃል በ5,000 ፓውንድ ሲደግፉ የቃሉን እርስ በርስ መጋጨት አልመረመሩም፤ የካልጎርሊ ትውስታና የሥራ አጥነቱ ጭንቀት የምርመራውን ቦታ ያዙ። በሌላ በኩል የውኃውን ምድር ስለሚያውቁት ሰዎች ማንም አልጠየቀም፤ ምክንያቱም ያ ዕውቀት በካርታ ላይ አልሰፈረም፣ በአክሲዮንም አይሸጥም ነበር። ላሴተር ከሞተለት ዐለት ይልቅ በሕይወቱ የመጨረሻ ሳምንታት በእርግጠኝነት መኖሩ የተረጋገጠው ያ ያልተጠየቀው ዕውቀት ነው።

ዛሬ ከስቱዋርት አውራ ጎዳና ወደ ኡሉሩ አቅጣጫ የሚወስደው መንገድ በላሴተር ስም ይጠራል። መንገዱ የሚያደርሰው ኡሉሩና እርሱ ሊደርስበት ያልቻለው ካታ ጁታ የሚገኙበት ብሔራዊ ፓርክ በ1985 ለአናንጉ ሕዝብ በባለቤትነት ተመልሷል። የላሴተርን ጉዞ ዳግመኛ ለሚያጠና ተመራማሪ ቀሪው ሥራ ዐለቱን መፈለግ አይደለም፤ በእነዚያ 25 ቀናት ማን እንደመገበው፣ በየትኛው ውኃ በኩል እንደመራው የሚናገረውን የአናንጉ የቃል ታሪክ ከማስታወሻው ጋር አገናዝቦ ማንበብ ነው።